ሰፈራችሁ ለሳይክል እንዲመች ወረዳውን እንዴት ታሳምናላችሁ?

አዲስ አበባ ውስጥ ሳይክል የሚነዳ ሰው ቅሬታ አያጣም። ቅሬታው ግን ብዙ ጊዜ ቴሌግራም ላይ ተጽፎ፣ ላይክ ተደርጎ፣ እዛው ይቀራል። እዚህ የምጽፈው ያንን ቅሬታ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳም ወደ በጀት ስለማድረስ ነው። ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ "ከተማዋ ለሳይክል ምቹ ትሁን" ብላችሁ አትጠይቁ። አንድ መንገድ፣ አንድ መስቀለኛ፣ አንድ ጉድጓድ ጠይቁ። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ "እናየዋለን" ነው። ለሁለተኛው ግን ባለሙያው ወይ ይሠራዋል፣ ወይ ለምን እንደማይሠራው ሊነግራችሁ ይገደዳል።

ሐሳቡን እንደ አዲስ ነገር ማቅረብም አያስፈልግም። ከተማው ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት፣ ማለትም የእግርና የሳይክል ጉዞ፣ ስትራቴጂ አለው። "መንገድ ለሰው" በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር ትልልቅ መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ልጆች ሲጫወቱባቸው አይተናል። ኮሪደር ልማቱም ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ፣ በቦሌም በሌላውም፣ የሳይክል መስመር አስገብቷል። (በልማቱ ስለተነሱት ነዋሪዎች የሚባል ብዙ ነገር አለ፤ እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።) ስለዚህ ቢሮ ስትገቡ ውለታ ጠያቂ አትሁኑ። ያወጣችሁትን ዕቅድ እኛ ሰፈርም አድርሱት ነው የምትሉት።

ምን እንጠይቅ? እኔ ብሆን የምጀምረው መስመሩ ከሚያልቅበት ቦታ ነው። አስፋልቱ ዳር የተቀባው መስመር ያምራል፤ ግን ከቤታችሁ ወጥታችሁ እዛ ለመድረስ ከሚኒባስና ከገልባጭ ጋር የምትጋፉ ከሆነ፣ መስመሩ ለእሑድ ሽርሽር እንጂ ለሥራ አይሆንም። ሰፈራችሁን ከዋናው መስመር የሚያገናኘው ያ የውስጥ መንገድ ነው የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ።

መንገዱን ሁለት ሦስት ሆናችሁ በእግር ሂዱበት። በሳይክል አትሂዱ፣ ታልፉታላችሁ። የምትፈልጉት እንዲህ ያለውን ነው፦ ክዳኑ የተሰረቀ ማንሆል። መኪና የሚቆምበት የእግረኛ መንገድ። ዜብራው የጠፋ ማቋረጫ። ማታ መብራት የሌለው ጥግ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የውሃ መውረጃ ፍርግርጉን እዩ። ብረቶቹ በመንገዱ አቅጣጫ ከተዘረጉ ቀጭን ጎማ ዋጥ ያደርጋሉ፣ ሰውየው በግንባሩ ይወድቃል። ብረቶቹ አግድም እንዲሆኑ ማዞር ወይም ፍርግርጉን መቀየር ብዙ ወጪ የለውም፣ ቤት አያፈርስም፣ የማንንም ጥቅም አይነካም። ለመጀመሪያ ድል እንዲህ ዓይነቱን ምረጡ።

ስፋቱንም ለኩ። ለአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሆን የሳይክል መስመር ሁለት ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፤ አንድ ሜትር ተኩል ላይ ደግሞ ደርቦ ማለፍ አይቻልም፣ ግን ይነዳል። ከዚያ በታች ቀለም ቀብቶ "የሳይክል መንገድ" ማለት ቀልድ ነው። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በዚህ ዘመን ሜትር ይዞ መንገድ የሚለካ ሰው ሲታይ ሰፈሩ "ሊያፈርሱብን ነው" ብሎ ይደነግጣል፣ አይፈረድበትም። ቀድማችሁ ለባለሱቆቹና ለሽማግሌዎቹ ንገሩ። ፎቶ ስታነሱም እንደዛው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤትና የጥበቃ ሰው ያለበትን አካባቢ ተዉት፣ የምታነሱበትን ምክንያት የሚገልጽ ወረቀት ቢጤም ያዙ።

ከዚያ ቁጠሩ። ጠዋት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ማታ ከ11 ሰዓት ጀምሮ። ሳይክል ብቻ አትቁጠሩ፣ ምክንያቱም ቁጥሩ ትንሽ ይሆንና "ማን ይነዳል?" ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። እግረኛውንም፣ ተማሪውንም፣ በዊልቸር የሚሄደውንም፣ በሳይክል ዕቃ የሚያደርሱትን ልጆችም ቁጠሩ። ሴቶችን ለብቻ መዝግቡ። ጥቂት ከሆኑ፣ እና ጥቂት ነው የሚሆኑት፣ ጠጋ ብላችሁ ለምን እንደማይነዱ ጠይቁ። የመኪና ፍራቻ፣ ለከፋ፣ የመንገድ መብራት ይሏችኋል። ይሄ መልስ ከማንኛውም ቁጥር የበለጠ ባለሙያውን ያነቃዋል።

አሁን ወደ ቢሮ። ብዙ ጥያቄ የሚሞተው የተሳሳተ በር ስለሚያንኳኳ ነው። የአስፋልትና የፍሳሽ መውረጃ ሥራ የመንገዶች ባለሥልጣን ነው። ዜብራ፣ ምልክት፣ የፍጥነት መቀነሻ ደግሞ የትራፊክ ማኔጅመንት። ደንብ የማስከበሩ፣ የእግረኛ መንገድ ላይ የሚቆመው መኪናና የሚከመረው አሸዋ ጉዳይ በወረዳው በኩል ይጀመራል። ለወረዳው ግን በሁሉም አሳውቁ፤ ወረዳው ያልሰማውን ነገር ከላይ ሲሰማ ደስ አይለውም።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ይሁን። "ጉዳዩ፦ ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ዋናው አስፋልት ያሉት የውሃ መውረጃ ፍርግርጎች እንዲቀየሩ ስለመጠየቅ" ብላችሁ ጀምሩ። የአየር ንብረት ለውጥን በመግቢያው ላይ አታንሱ፣ ሦስተኛ መስመር ላይ ሳይደርስ ሰውየው ስልኩን ያነሳል። ችግሩ፣ ቦታው፣ የቆጠራችሁት ቁጥር፣ የምትፈልጉት ነገር፣ ፊርማ። ከሥር ግልባጭ ለሚመለከታቸው ሁሉ። ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ፣ አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፣ ሌላው ላይ ማህተምና የገቢ ቁጥር አስደርጋችሁ ውሰዱ። ያ ቁጥር ከሌላችሁ ደብዳቤ አስገብተናል ማለት አትችሉም። በስልክ "ያ የሳይክሉ ጉዳይ" ስትሉና የገቢ ቁጥር ስትጠሩ የሚሰጣችሁ መልስ በጣም ይለያያል።

ስለ መንገዱ ዕቅድ ወይም በጀት መረጃ ጠይቃችሁ ከከለከሏችሁስ? አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። ለሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ በጽሑፍ ጠይቁ፣ በጨዋነት፣ የአዋጁን ቁጥር ጠቅሳችሁ።

ጊዜውን እወቁ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ግን ከዚያ በፊት ነው የሚያልቀው፤ ስለዚህ ገንዘብ የሚፈልግ ጥያቄ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ጠረጴዛቸው ላይ መሆን አለበት። ነሐሴ ላይ ብትሄዱ በጀቱ ተደልድሏል፣ ዝናቡም ሥራውን አቀዝቅዞታል። ግንቦትና ሰኔ ደግሞ የተረፈ በጀት ለመጨረስ የሚሮጥበት ሰሞን ነው፤ ቀለም፣ ምሰሶ፣ ምልክት የመሳሰለ ትንንሽ ነገር ለመጠየቅ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

ብቻችሁን አትሂዱ። ሳይክል ነጂ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ቁምጣ የለበሰ ጎረምሳ ነው። የእድሩ ሰብሳቢ፣ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርና አንዲት እናት አብረው ከገቡ ግን ጉዳዩ የሰፈር ጉዳይ ይሆናል። እውነትም ነው። መኪና ቀስ እንዲል የሚያደርግ መንገድ መጀመሪያ የሚጠቅመው እግረኛውን ነው፣ በከተማችን በመኪና አደጋ ከሚሞተው ሰው ትልቁን ቁጥር የሚይዘውም እሱ ነው።

"አዲስ አበባ ዳገት ናት" መባሉ አይቀርም። ናት። ግን ማንም በየቀኑ ከቃሊቲ እንጦጦ ውጣ አላለም፤ ከለቡ ጀሞ፣ ከመገናኛ ሲኤምሲ የሚሄደው ሰው ዳገቱ አያስጨንቀውም። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ ኤሌክትሪኩ ችግሩን ይፈታዋል የሚልም አለ። ጭሱን ይቀንሳል፣ ጥሩ። ቦታ ግን ያው ነው፤ መገናኛ ላይ በመጨናነቅ የቆመ ኤሌክትሪክ መኪና የሚይዘው ቦታ ከቤንዚኑ አያንስም። ባለሱቁ "ደንበኛዬ የት ያቁም?" ካለ ደግሞ አትከራከሩት። ከሱቁ ፊት ቆማችሁ ከገዢዎቹ ስንቱ በእግር እንደመጣ አብራችሁት ቁጠሩ።

ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ከሆናችሁ ሥራችሁ ሌላ ነው። መሬቱ ሜዳ ነው፣ ሳይክሉም አለ፣ ማንም "ማን ይነዳል?" አይላችሁም። እናንተ መጠየቅ ያለባችሁ ከባጃጅና ከመኪና የሚለይ መስመርና በገበያ፣ በትምህርት ቤት በር ላይ ፍሬም የሚታሰርበት ብረት ነው።

ጥያቄያችሁ ተመልሶ መስመሩ ከተሠራ፣ በሁለተኛው ሳምንት ሞተርና የቆመ መኪና ይወርሰዋል። ይሄን ቀድማችሁ ጠብቁ። በደብዳቤው ላይ ከቀለሙ ጋር ምሰሶ ወይም ከፍ ያለ ጠርዝ ጠይቁ፣ በወር አንዴ ፎቶ አንሱ፣ ከተሠራ በኋላም መልሳችሁ ቁጠሩ። ለሠራው ባለሙያ የምስጋና ደብዳቤ ጻፉ፣ ለአለቃው ግልባጭ አድርጉ። ቀጣዩን መንገድ ይዛችሁ ስትመጡ በሩን የሚከፍትላችሁ እሱ ነው።