የጎረቤት አገርን የአየር ንብረት ፖሊሲ እንዴት እናጥና?

በመጀመሪያ የሰነዱን ዓይነት ይለዩ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣችው የአየር ንብረት ለውጥ ሕግ በፕሬዚዳንቱ የሚመራ ብሔራዊ ምክር ቤት ያቋቋመ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ ያደረገችው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ግን ስትራቴጂ እንጂ አዋጅ አይደለም፤ ስለዚህ ሁለቱን እኩል አድርጎ ማነጻጸር ያሳስታል። ቀጥሎ ፈጻሚውንና የበጀቱን ምንጭ ይፈልጉ።

በእኔ እምነት ከሁሉ የበለጠ ትምህርት የሚገኘው ከድርቅ ማስጠንቀቂያው ነው፦ የኬንያ ብሔራዊ የድርቅ አስተዳደር ባለሥልጣን ስለ ደረቅና ከፊል ደረቅ ካውንቲዎች (የአገሪቱ የአስተዳደር ክፍሎች) በየወሩ የሚያወጣውን መግለጫ፣ የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል ከሚያዘጋጀው የወቅት ትንበያ ጋር አስተያይተው ያንብቡ። የወቅቶቹ ስያሜ ግን እንዳያደናግርዎት፤ ኬንያውያን «ረጅሙ ዝናብ» የሚሉት በእኛ አቆጣጠር ከመጋቢት እስከ ግንቦት ገደማ የሚዘንበው፣ ለደጋው ገበሬ በልግ፣ ለቦረና አርብቶ አደር ደግሞ የዓመቱ ዋና ዝናብ ነው።