በደሴ ዙሪያ ተራራ ስትወጡ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ባለፈው እሑድ አመሻሽ ላይ ከጦሳ ተራራ የሚወርዱ አምስት ወጣቶች አገኘሁ። አንዷ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች። የሁለቱም አውራ ጣቶቿ ጥፍር ደም ቋጥሯል። «በዚህ በኩል ያሳጥራል ብለን እኮ ነው» አለችኝ። እንባዋ ቀርቦ ነበር።

ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ስለዚህ ዛሬ ልጻፈው።

ደሴ በተራሮች መሀል የተቀመጠች ከተማ ናት። በምዕራብ ጦሳ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል። ቁርሱን በልቶ የወጣ ሰው ብዙ ሳይቆይ ዳገት ላይ ነው። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። ተራራው ደጃችን ላይ ስለሆነ ሰው እንደ ሽርሽር ይቆጥረዋል።

አቋራጭ

ስለዚህኛው ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ታገሡኝ። ካየኋቸው አደጋዎች አብዛኛው የደረሰው ሲወረድ ነው፤ ያውም በአቋራጭ።

ጦሳ ጫፍ ላይ ሆናችሁ ከተማውን ስታዩት የቤታችሁ ቆርቆሮ ሳይቀር ይታያችኋል። ዐይናችሁ ከፊታችሁ ካለው ሣር ተነሥቶ በቀጥታ ጣሪያው ላይ ያርፋል። በመሀል ያለውን ግን አያየውም። የወሎ ተራራ ጥንት እሳተ ገሞራ ፈስሶ ንብርብር ሆኖ የተሠራ ነው። ጠንካራው ድንጋይ ገደል ይሆናል፤ ለስላሳው አፈር ተዳፋት ይሆናል። ስለዚህ ቁልቁለቱ እንደ ደረጃ ነው፤ ለጥ ይልና ይቆረጣል፣ እንደገና ለጥ ይልና ይቆረጣል። ከላይ ለሚያየው ለጥ ያለው ብቻ ነው የሚታየው። እያንዳንዱ ገደል የት ላይ መውረጃ እንዳለው የሚያውቀው ነባሩ መንገድ ነው።

ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ቀጭን መንገድ ስላዩ ነው። «ይኸው መንገድ አለ» ይላሉ። እስቲ ጎንበስ ብላችሁ መሬቱን እዩት። በጠጥ ብቻ ካለበት የፍየል መንገድ ነው። ፍየል ገደል አፋፍ ላይ ያለውን ቅጠል በልታ ወደ መጣችበት ትመለሳለች። ፋንድያ ካያችሁ ግን ተከተሉት። የተጫነ አህያ የሚሄድበት መንገድ ገበያ ወይም መንደር ያደርሳል፤ አህያ የወረደበትን እናንተም ትወርዱታላችሁ። ይህን ያስተማሩኝ አንድ የኩታበር አባት ናቸው። እስካሁን አሳስቶኝ አያውቅም።

እኔም ተሳስቻለሁ። ከዓመታት በፊት በአዝዋ ገደል በኩል አራት ጓደኞቼን ይዤ በአቋራጭ ወረድኩ። መሪው እኔ ነበርኩ። አሥር ሰዓት ገደማ ጉሙ መጣ። የደሴን ጉም የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ሲመጣ ከአጠገባችሁ ያለው ሰው ድምፅ ብቻ ይቀራል። ሣሩ ርጥብ ነበር። አንደኛው ጓደኛዬ ተንሸራተተና የአንድ ቁጥቋጦ ሥር ይዞ ቆመ። ከእግሩ በታች የነበረችው ጠጠር ስትወድቅ ድምፅዋን ለመስማት ጠበቅን፤ ቆይቶ ነው የተሰማው። በዚያው ቅጽበት ከላይ አንድ እረኛ ልጅ «ኧረ ወዴት ነው! ገደል ነው እኮ!» ብሎ ጮኸ። ከአሥር ዓመት አይበልጥም። መጥቶ እጃችንን እየያዘ፣ የጓደኛዬን ቦርሳ ተሸክሞ መለሰን። ወደ ላይ ለመመለስ አንድ ሰዓት ፈጀብን። ያ ልጅ ባይኖር ምን እንደምሆን ማሰብ እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ክረምት ሲወጣ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ደሴ ዙሪያ ናዳ የተለመደ ነው። ዋልካው አፈር ውሃ ጠጥቶ ከከረመ በኋላ ላዩ ደርቆ ውስጡ ርጥብ ይሆናል። የረገጣችሁት ሁሉ አብሯችሁ ይወርዳል። ባሕር ዛፍ ውስጥም ተጠንቀቁ፤ የወደቀው ፍሬ ከጫማ ሥር እንደ ጠጠር ይንከባለላል።

«ቅርብ ነው?» ብሎ መጠየቅ

የገጠር ሰው ደግ ነው። ደክሟችሁ ሲያያችሁ «አዎ፣ እዚህች ጋ ነው» ይላችኋል። ሊያበረታችሁ ነው፤ ደግሞ ለእሱ እውነትም ቅርብ ነው። ጥያቄውን ቀይሩት። መጀመሪያ በደንብ ሰላም በሉ፤ ወሎ ውስጥ ሰላምታ ሳይጨርሱ መንገድ መጠየቅ ነውር ነው። ከዚያ «አባባ፣ እርስዎ አሁን ቢነሡ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጅብዎታል?» በሉ። የሚነግሯችሁን ሰዓት በሁለት አባዙት። «በአህያ ይሄዳል?» የሚለውንም አትርሱ።

አርፍዶ መነሣት

ጦሳ ያለው ከከተማው በምዕራብ ነው። ፀሐይ የምትገባው ከጀርባው ነው ማለት ነው። ስለዚህ ወደ ከተማው የሚወርደው ፊቱ ገና ጀንበር ሳትጠልቅ ጥላ ይሆናል። በታኅሣሥ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ እናንተ ያላችሁበት ቁልቁለት ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ይደበዝዛል፣ ይቀዘቅዛልም። ጠዋት 12 ሰዓት ተነሡ። 7 ሰዓት ሲሆን የትም ብትሆኑ፣ ጫፉ ሃያ ደቂቃ ቢቀረውም፣ ተመለሱ። የእጅ ባትሪ ያዙ፤ የስልክ መብራት ተራራ ላይ ባትሪ ጨርሶ ስልካችሁንም ይወስድባችኋል።

ጫማና ጥፍር

ከመውጣታችሁ በፊት ባለው ማታ የእግር ጥፍራችሁን ቁረጡ። ያቺን ልጅ ያስለቀሳት ይኸው ነው፤ ቁልቁለት ላይ ጣት ወደ ፊት እየተገፋ ጫማውን ይደበድባል። ቁልቁለት ስትጀምሩ ቁርጭምጭሚት አካባቢ ክሩን ጠበቅ አድርጉት። ለብዙ ጊዜ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ጫማ ደግሞ ማስቲሹ ስለሚደርቅ ሶሉ መሀል መንገድ ላይ ይላቀቃል።

ከፍታን መናቅ

ደሴ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጦሳ ከ3,000 ያልፋል። 3,000 ሜትር ላይ የምታገኙት ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። አንድ ጊዜ ከጅቡቲ የመጣ እንግዳ በመጣ በማግስቱ ይዘን ወጣን። ጠንካራ ሰው ነው፤ ግን የኖረው ባሕር ዳር ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ራሱን ይዞ ተቀመጠ፤ አስመለሰው። ያኔ «ትንሽ ቀረን፣ አይዞህ» ማለት ጥፋት ነው። መድኃኒቱ መውረድ ነው። ወረድን፤ ተሻለው።

ወደ ላስታ የምትሄዱማ የበለጠ አስቡበት። የአቡነ ዮሴፍ ተራራ 4,260 ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ላሊበላ ገብታችሁ በማግስቱ አትውጡት። ሁለት ቀን አብያተ ክርስቲያናቱን እዩ፣ አሸተን ማርያም ድረስ ወጥታችሁ ሰውነታችሁን አለማምዱ። ማታ ከፍታው ላይ ውርጭ አለ፤ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ጋቢ ከባድ ነው ብላችሁ አትተዉት።

ፍጥነትን ከፈለጋችሁ ግሸን ለመስከረም 21 የሚወጡትን እናቶች እዩ። በዝግታ፣ ሳይቆሙ፣ ትንፋሻቸውን ሳይጨርሱ ይወጣሉ። ሮጠው የቀደሟቸውን ወጣቶች በኋላ መንገድ ዳር ተዘርረው ያገኟቸዋል።

በልግን መርሳት

ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። ወሎ በልግም አለው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ጠዋት ጠርቶ የነበረ ሰማይ ከሰዓት በኋላ በረዶና መብረቅ ይዞ ይመጣል። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ከጫፉ ውረዱ፤ ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ።

እርከንና ማሳ

እዚህ ላይ እቆጣለሁ። በየተራራው የምታዩት የድንጋይ እርከን የገበሬው ጉልበት ነው። በ1966ቱም በ1977ቱም ረኃብ የተጎዳ አገር አፈሩን ለማዳን በእጁ የደረደረው ነው። አፋፉ ላይ ስትራመዱ ድንጋዩ ይወድቃል፤ በሚቀጥለው ዝናብ በዚያ በተከፈተው በኩል አፈሩ ይሄዳል። እናንተ ፎቶ ተነሥታችሁ ትወርዳላችሁ፤ እሱ ነው የሚጠግነው። በማሳ ዳር በመንገዱ ሂዱ። ባቄላ እሸት ካማራችሁ ጠይቁ፤ ሳትጠይቁ የምትወስዱትን ያህል እጥፍ ይሰጧችኋል።

የማታውቁትን ብረት መንካት

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻን፣ ብዙ የወሎ አካባቢንም አዳርሷል። ምሽግ የነበረባቸው ከፍታዎች አሉ። ያልፈነዳ ነገር ሊኖር ይችላል። አትንኩ፣ አታንሡ፣ በእግራችሁም አትግፉ። በመጣችሁበት ዱካ ተመልሳችሁ ለአካባቢው ሰው ወይም ለፖሊስ ተናገሩ። ከመውጣታችሁ በፊትም የዚያን ቀን የመንገዱን ሰላም እዚያው የሚኖር ሰው ጠይቁ። «አትሂዱ» ካላችሁ አትሂዱ።

ሐይቅ

ሐይቅ ዳር ያለው መንገድ ሜዳ ነው፤ ለጀማሪ ጥሩ ነው። ውሃው ግን ጥልቀቱ 80 ሜትር ያልፋል፤ ላብ ስላላባችሁ ዘላችሁ አትግቡ። እዚያው ያለው ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴቶች አይገቡም፤ እዚያ ደርሳችሁ ከመከፋት ቀድማችሁ እወቁት።

የወንዝ ውሃ ሳታክሙ አትጠጡ፤ ውሃ አጋር ኪሳችሁ ይኑር። የምትሄዱበትን ቦታ ለቤት ሰው ሳትናገሩ አትውጡ። የመጀመሪያ ቀናችሁ ከሆነ ጦሳን ተዉትና ቦሩ ሜዳ ሂዱ፤ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ጉባኤ ያደረጉበት ቦታ ነው፣ ለእግርም ለዐይንም ሰፊ ነው።

ያቺን ልጅ ትናንት ደወልኩላት። ጥፍሯ ገና ያማታል። ሲድን አብረን እንወጣለን፤ ጠዋት 12 ሰዓት፣ በአህያው መንገድ።