ስለ ድሮ ዋጋና ስለ ግሽበት ስናወራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የድሮ ዋጋ በተነሳ ቁጥር ጨዋታው የሚያልቀው በቁጭት ነው። በግ ስንት ይሸጥ እንደነበር፣ ጤፍ በስንት ብር ቤት ይገባ እንደነበር ይቆጠርና "ታዲያ ብሩ ምን ነካው?" ይባላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ስንፈልግ ግን ብዙዎቻችን በተመሳሳይ ቦታ እንሳሳታለን። ስህተቱ በጨዋታ ቢቀር ባልከፋ፤ ግን ወደ ውርስ ክፍፍል፣ ወደ ኪራይ ውል፣ ወደ እድር ደንብ፣ ከውጭ ለወላጅ ወደሚላክ ገንዘብም ይገባል። እዚያ የሚጎዳው ደግሞ በአብዛኛው አቅም የሌለው ሰው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የድሮውን ዋጋ ከድሮው ደመወዝ ነጥሎ መጥራት

በደርግ ዘመን ዲግሪ ይዞ የሚቀጠር ሰው መነሻ ደመወዙ 500 ብር ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ የመጨረሻው ዝቅተኛ ደመወዝ ደግሞ በወር 50 ብር። ስለዚያ ጊዜ ዋጋ የሚያወራ ሰው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አብሮ ካልጠራ ግማሹን ብቻ ነው የሚነግረን። በ10 ብር የሚገዛ ዕቃ ለመጀመሪያው ሰው የወር ደመወዙ ሃምሳኛ እጅ ነው፤ ለሁለተኛው ግን አምስተኛ እጅ። "ርካሽ ነበር" ሲባል "ለማን?" ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የሚሻለው መለኪያ የሥራ ቀን ነው። አንድ የቀን ሠራተኛ አንድ ኩንታል እህል ለመግዛት ያኔ ስንት ቀን ይሠራ ነበር? ዛሬስ ስንት ቀን ይሠራል? ዋጋውም ገቢውም እኩል በአሥር ቢባዙ ኖሮ የኑሮው ልዩነት ትንሽ ይሆን ነበር። ግሽበት የሚያደኸየው አንዱ ሲሮጥ ሌላው ቆሞ ሲቀር ነው። የደርግ ዘመን ሠራተኛ ይህን በደንብ ያውቀዋል፤ ደመወዙ ለረጅም ዓመታት ባለበት ቆመ፣ ገበያው ግን አልጠበቀውም። ጡረተኛውማ ከዚያ በኋላም አልተገላገለም።

የየዓመቱን መቶኛ መደመር

በዓመት 3 በመቶ ለመቶ ዓመት ቢቀጥል ዋጋ ስንት ይደርሳል? ብዙ ሰው 3 በ100 አባዝቶ "300 በመቶ ይጨምራል፣ አራት እጥፍ ይሆናል" ይላል። ትክክለኛው መልስ 19 እጥፍ ነው፤ ምክንያቱም የዘንድሮው ጭማሪ የሚሰላው አምና በጨመረው ዋጋ ላይ ነው። 2 በመቶ በመቶ ዓመት ከሰባት እጥፍ በላይ ያደርሳል። 10 በመቶ ለመቶ ዓመት ቢዘልቅ ደግሞ አንድ ብር ይሸጥ የነበረው ዕቃ ከ13,000 ብር ያልፋል።

በቃል ለማስላት 72ን ለዓመታዊው መቶኛ ማካፈል ነው፤ የሚገኘው ቁጥር ዋጋ እጥፍ የሚሆንበትን የዓመት ብዛት በግምት ይነግራል። በ6 በመቶ 12 ዓመት፣ በ20 በመቶ አራት ዓመት እንኳ አይሞላም።

ትንሽ የሚመስል መቶኛ ምን ሊያደርግ እንደሚችል የ16ኛው ክፍለ ዘመን ስፔን ታሳያለች። በ1545 በደቡብ አሜሪካ የፖቶሲ የብር ማዕድን ከተገኘ በኋላ ከአሜሪካ የተጫነ ብር ወደ ሴቪል ወደብ ይጎርፍ ጀመር። በዚያ ክፍለ ዘመን የስፔን ዋጋ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። ይህ በዓመት ሲከፋፈል ከ1.5 በመቶ አይበልጥም። ዛሬ እንዲህ ያለ መቶኛ ቢገኝ ማንም ማዕከላዊ ባንክ የሚደሰትበት ነበር። በተወሰነ የገንዘብ ኪራይ ለሚኖር ባለ ርስት ግን የልጅ ልጁ ሲደርስ የቀረለት የአያቱ ገቢ ሢሶ አቅም ነው።

30 በመቶ ግሽበትን 30 በመቶ ኪሳራ ማድረግ

ዋጋ 30 በመቶ ሲጨምር በ100 ብር ይገዛ የነበረው 130 ብር ይሆናል። ስለዚህ በእጅ ያለው 100 ብር አሁን የሚገዛው ከቀድሞው 77 በመቶ ያህል ነው፤ የጠፋው 23 በመቶ ነው። ግሽበት መቶ በመቶ ሲሆንም ገንዘቡ ግማሽ ይሆናል እንጂ ዜሮ አይሆንም።

ይህኛው ስህተት ብዙ አይጎዳም። የሚጎዳው ተከታዩ ነው፦ "ግሽበት ቀነሰ" የሚለውን ዜና "ዋጋ ቀነሰ" ብሎ መስማት። ግሽበት ከ30 ወደ 15 በመቶ ሲወርድ 130 የደረሰው ዕቃ ወደ 149.50 ይወጣል። መውጣቱን አላቆመም፤ ፍጥነቱን ነው የቀነሰው። በኢትዮጵያ በ2008 አጋማሽ ዓመታዊው ግሽበት ከ60 በመቶ አልፎ ነበር። በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ወደ ነጠላ አሃዝ ወረደ፤ ገበያው ግን ወደ 2007ቱ ዋጋ አልተመለሰም። ዜናውን የሚያቀርብ ጋዜጠኛ ይህን ልዩነት በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢያስረዳ ለአድማጩ ትልቅ ውለታ ነው።

ግሽበት የወረቀት ገንዘብ ችግር ብቻ ነው ማለት

"ገንዘቡ ወርቅና ብር ሆኖ ቢቀር ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር" የሚለው ክርክር በጣም የተለመደ ነው። ታሪኩ ግን ይህን አይደግፍም፤ የራሳችንም ታሪክ ጭምር።

በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ንጉሥ እንዱቢስ በአክሱም ያስመታው የወርቅ ሳንቲም ከ2.5 ግራም በላይ ይመዝን ነበር። በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ በኢዛና ዘመን፣ ወደ 1.6 ግራም ገደማ ወረደ። ቆስጠንጢኖስ በሮም የወርቁን ሳንቲም ክብደት ስለለወጠ፣ ከሮም ጋር የምትነግደው አክሱምም ሳንቲሟን ከአዲሱ ሚዛን ጋር አስተካከለች። በኋለኞቹ ነገሥታት ዘመን ደግሞ ክብደቱ ብቻ ሳይሆን የወርቁ ጥራትም ቀነሰ። በሮም ራሷ ኔሮ በ64 የጀመረው የብር ሳንቲምን የማሳነስ ሥራ በ3ኛው ክፍለ ዘመን ጫፍ ደረሰ፤ በ260ዎቹ የብር ሳንቲም የሚባለው በስስ ብር የተለበጠ መዳብ ሆኖ ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረኝ ግን ጠገራ ብር ነው፤ ምክንያቱም በእሱ ላይ ማንም አላጭበረበረም። የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ይህ ገንዘብ 28 ግራም ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ 23.4 ግራም ገደማው ንጥረ ብር ነው። ንግሥቲቱ በ1780 ከሞተች በኋላም ያው ዓመት እየተጻፈበት፣ ያው ክብደትና ያው ጥራት ተጠብቆለት ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ተመታ። የአገራችን ሰው ያምነው ስለነበር ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 በራሳቸው ምስል በፓሪስ ማስመታት የጀመሩት ብር እንኳ ቦታውን ሊወስድበት አልቻለም።

ታዲያ ጠገራ ብር አቅሙን ጠበቀ? አልጠበቀም። ጀርመን ወደ ወርቅ ገንዘብ ስትዞርና አሜሪካም በ1873 የብር ሳንቲሟን ሕግ ስትለውጥ ብር በዓለም ገበያ ተትረፈረፈ፤ ከአዳዲስ ማዕድኖችም ብዙ ብር ወጣ። በለንደን አንድ አውንስ ብር በ1870ዎቹ መጀመሪያ 60 ፔንስ ገደማ የነበረው በ1900 ከ30 ፔንስ በታች ወረደ። ከአውሮፓ ጠመንጃ ወይም ጨርቅ የሚያስመጣ ነጋዴ፣ የዕቃው ዋጋ በፓውንድ ባይለወጥ እንኳ፣ ያንኑ 1780 የተጻፈበትን ጠገራ በእጥፍ መቁጠር ነበረበት። በእጁ የያዘው ብር አንድ ግራም አልጎደለም፤ የጎደለው ከዚያ ግራም ጋር የሚለወጠው ነገር ነው። ማንኛውም ገንዘብ፣ ወረቀትም ይሁን ማዕድን፣ ከሚገዛው ዕቃ ይልቅ ሲበዛ አቅሙ ይወርዳል።

አንዱን ገበያ የአገር ሁሉ ዋጋ ማድረግ

ድሮ እንደ ገንዘብ ያገለግል የነበረው አሞሌ ጨው ከአፋር ሲነሳ ርካሽ ነበር። ትግራይን አልፎ፣ ጎንደርን ተሻግሮ ጎጃም ሲደርስ ለአንድ ጠገራ የሚሰጠው አሞሌ ቁጥር በጣም ያንስ ነበር። በ1520ዎቹ አገራችንን ያየ ፖርቹጋላዊ ቄስም ጨዉ ከመነሻው በራቀ ቁጥር ዋጋው እንዴት እንደሚንር መዝግቦ ነበር። ስለዚህ "በዚያ ዘመን ይህን ያህል አሞሌ አንድ በግ ይገዛ ነበር" የሚል ጽሑፍ ስታነቡ የትኛው ገበያ እንደሆነ ፈልጉ። የአዲስ አበባን ዋጋ ይዞ ስለ ገጠሩ ኑሮ መፍረድ ዛሬም ያው ስህተት ነው።

የዶላሩን ምንዛሪ የኑሮ ውድነት መለኪያ ማድረግ

ይህን ስህተት ውጭ አገር በምንኖረው ዘንድ አብዝቼ እሰማዋለሁ። ከ1973 ጀምሮ አንድ የአሜሪካ ዶላር 2.07 ብር ነበር፤ እስከ 1992 ድረስም ሳይነቃነቅ ቆየ። በእነዚያ ዓመታት የነዳጅ ዋጋ ናረ፣ አብዮት ፈነዳ፣ ጦርነትና ድርቅ መጣ፣ የገበያ ዋጋም ጨመረ። ምንዛሪው ግን 2.07 ላይ ቆሞ ነበር፤ ያቆመውም የመንግሥት ውሳኔ እንጂ ገበያው አይደለም። በ1992 በአንድ ጊዜ ወደ 5 ብር ሲወጣ ብሩ በዚያ ቀን የተዳከመ የመሰለው ሰው ብዙ ነው። መዳከሙ ግን ከዓመታት በፊት የተከናወነ ነበር፤ ያን ቀን በወረቀት ላይ ታወቀ እንጂ። በሐምሌ 2024 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍም፣ ብዙ አስመጪዎች ቀድሞውኑ በትይዩ ገበያው ዋጋ ሲሸጡ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ዶላሩ ራሱ ቆሞ አልጠበቀንም። በአሜሪካ ከ1973 ወዲህ ዋጋ ሰባት እጥፍ ሆኗል። ሜትሩ ራሱ እያጠረ በእሱ የሚለካ ጨርቅ ስንት እንደሆነ ማወቅ አይቻልም።

ዶላር ወይም ወርቅ ከያዝኩ ነፃ ነኝ ማለት

ዶላር ከብር ይልቅ በዝግታ ይቀልጣል፤ ይህ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ከ1913 ወዲህ የአሜሪካ ዋጋ ወደ 30 እጥፍ ወጥቷል፤ በሳጥን የተቀመጠ ዶላር ባለበት አይቆይም። ወርቅ በክፍለ ዘመናት ሲታይ አቅሙን በደህና ጠብቋል። ችግሩ የሰው ዕድሜ ክፍለ ዘመናት አለመሆኑ ነው። በጥር 1980 ወርቅ አንድ አውንስ 850 ዶላር ደርሶ ነበር። በዚያ ዋጋ የገዛ ሰው ያንኑ 850 ዶላር ዳግም ያየው በጥር 2008 ነው፤ በመካከሉ ባሉት 28 ዓመታት የአሜሪካ ዋጋ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ጨምሯል። ወርቅ አትግዙ አልልም። ለልጅ ትምህርት በአምስት ዓመት ውስጥ የሚፈለግ ገንዘብ ሁሉ ወርቅ ላይ ሲውል ግን እሰጋለሁ።

ዋጋን በአዋጅ ለማቆም መሞከር

የሮሙ ዲዮቅልጥያኖስ በ301 ከአንድ ሺህ ለሚበልጡ ዕቃዎችና አገልግሎቶች ጣሪያ አውጥቶ የጣሰ በሞት ይቀጣ አለ። ዕቃው ከገበያ ጠፋ፤ አዋጁም ከሸፈ። በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው በተቆረጠ ዋጋ እህል ሲረከብ የሆነውንም የሚያስታውስ ብዙ ሰው አለ። የቀበሌ ሱቅ ዋጋ በወረቀት ላይ ቆመ፤ ወረፋው ግን ረዘመ።

የማይለወጥ ቁጥር ለዘላለም መጻፍ

ከሁሉም የከፋው ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በቅን ልብ የሚሠራ ነው። እንግሊዞች ከ1815 እስከ 1914 ባለው መቶ ዓመት ዋጋቸው ከፍ ዝቅ ቢልም መጨረሻ ላይ ከመነሻው ያነሰ ነበር። ስለዚህ ለመበለትና ለወላጅ አልባ ልጅ "ኮንሶል" የሚባለውን የመንግሥት ቦንድ መተው የብልህ ሰው ሥራ ነበር፤ ወለዱ በየዓመቱ በተወሰነ የገንዘብ መጠን ይከፈል ነበር። ከዚያ ሁለት የዓለም ጦርነቶች መጡ። መንግሥት የመጨረሻዎቹን ኮንሶሎች ከፍሎ በዘጋበት በ2015፣ ዋጋ ከ1914 ጋር ሲተያይ መቶ እጥፍ ገደማ ሆኖ ነበር። የመቶ ዓመት ጸጥታ ለሚቀጥለው መቶ ዓመት ዋስ አልሆነም።

ይህን ቀድመው ያሰቡ ግን ነበሩ። በ1576 የእንግሊዝ ፓርላማ የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ኮሌጆች ከመሬታቸው ኪራይ ሢሶውን በስንዴና በብቅል ወይም በወቅቱ የገበያ ዋጋቸው እንዲቀበሉ ደነገገ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ያ ሢሶ ብቻውን በገንዘብ ከተተመነው ሁለት እጅ የእጥፍ ያህል ያስገባ ነበር።

የኛ እድሮች ዘንድ ስንመጣ፣ ደንቡ ሲጻፍ በቂ የነበረው የሐዘን ክፍያ ከአሥር ዓመት በኋላ ለንፍሮና ለድንኳን እንኳ የማይበቃበት ቦታ ብዙ ነው። መዋጮውን ለማሳደግ ሁሌም ጭቅጭቅ ይነሳል፤ ማንም ባለሐዘን ፊት ስለ ገንዘብ መከራከር አይወድም። በደንቡ ውስጥ አንድ አንቀጽ ማስገባት ይህን ጭቅጭቅ ያስቀራል፦ ክፍያው በብር ሳይሆን በዕቃ ይጻፍ፣ ለምሳሌ "ለአንድ ኩንታል ጤፍ፣ ለሦስት ቀን የድንኳን ኪራይና ለሬሳ ሳጥን የሚበቃ" ተብሎ፤ ኮሚቴው በየዓመቱ መስከረም ላይ የእነዚህን ዋጋ ጠይቆ ክፍያውንም መዋጮውንም በዚያው ልክ ያስተካክል። ለወላጆቻችሁ በየወሩ የምትልኩትንም በዚሁ መንገድ ብታሰሉት ይሻላል፤ አምና የላካችሁት ያው ገንዘብ ዘንድሮ ስንት ኪሎ ጤፍና ስንት ሊትር ዘይት እንደሚገዛ በስልክ ጠይቋቸው። እናቶች "ይበቃኛል" ስለሚሉ፣ ዋጋውን እንጂ መብቃቱን አትጠይቁ።