ፍለሽ ስትጠብቁ ዝም ብላችሁ ኮል አታድርጉ

ኖ ሊሚት ሆልደም (ያላችሁን ሁሉ መወራረድ የምትችሉበት የፖከር ዓይነት) የምትጫወቱ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፍሎፕ ላይ (ጠረጴዛ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ካርዶች ሲገለጡ) ከእጃችሁ ካርድ ጋር አራት ልብ ይዛችሁ፣ ፍለሽ (አምስት ካርድ የአንድ ምልክት) የሚሞላውን አምስተኛውን ስትጠብቁ፣ እስከ ሪቨር (ጠረጴዛ ላይ እስከሚገለጠው የመጨረሻ ካርድ) የመምጣት ዕድሉ 35 በመቶ ገደማ ነው። ኮል ብቻ ካደረጋችሁ (ሌላው የተወራረደውን ያህል ብቻ ካስገባችሁ) የምታሸንፉት ካርዱ ሲመጣ ብቻ ነው። ሬይዝ ካደረጋችሁ (ውርርዱን ከፍ ካደረጋችሁ) ግን ሌላውም ሰው ካርዱን ጥሎ ሊወጣ ይችላል።

እስቲ እናስላው። መሃል 100 ብር አለ፤ እጃችሁ ላይም 100 ቀርቷል። ኦል ኢን ገባችሁ (የቀራችሁን ሁሉ አስገባችሁ) እንበል። ያኛው ቢቀበላችሁ እንኳ ፖቱ (መሃል ያለው ብር) 300 ይሆናል፤ የ300 35 በመቶ 105 ነው። ያስገባችሁት 100 ነው። ስለዚህ በጣለ ቁጥር የምታገኙት ሁሉ ትርፍ ነው። ይህን ወረቀት ላይ ጽፌ ሳየው አጨዋወቴ ተቀየረ።

የልብ 8 እና 9 ይዛችሁ ፍሎፑ ላይ የልብ 10፣ የልብ 2 እና የሌላ ምልክት 7 ቢወጣማ የበለጠ ነው። 15 ካርድ ያድናችኋል (9 ልብ፣ እንዲሁም አምስት ተከታታይ ካርድ የሚሞሉ ልብ ያልሆኑ 6 ካርዶች)፤ አንድ ጥንድ ብቻ ከያዘ ሰው የማሸነፍ ዕድላችሁ ይበልጣል።

ተርን (ጠረጴዛ ላይ የሚገለጠው አራተኛ ካርድ) ካለፈ በኋላ ግን ረጋ በሉ፤ የፍለሹ ዕድል ወደ 20 በመቶ ይወርዳል። ምንም ቢመጣ የማይጥል ሰው ላይም አትሞክሩት፣ በርካሽ ካርዱን እዩ።