ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥን ለሚጠራጠር የመጀመሪያ ገዢ

ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊገዛ የተነሣ፣ ነገር ግን ልቡ ያላመነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገሮችን ይፈራል፤ በክፉ ሰዓት ይነክሳል (ጥይት ወይም ቀለህ ተቀርቅሮበት ይቆማል)፣ በጎኑ የሚታይ መጠበቂያ ከሌለው ሳይታሰብ ይተኩሳል፣ ሞላው ጠንካራ ስለሆነ ለማቀባበል ጉልበት ይፈልጋል ይላል። በዚህ ምክንያት ስድስት ጎራሽ ሪቮልቨር፣ ማለትም ጥይቶቹ በሚሽከረከር ሲሊንደር ውስጥ የሚቀመጡበት ሽጉጥ፣ ይሻለኛል የሚለው ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም፤ እኔም ለረጅም ጊዜ ከዚሁ ወገን ነበርሁ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ እነዚህ ፍርሃቶች ሁሉ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት በእጅና በዓይን ሊመረመሩ የሚችሉ መሆናቸውን መረዳቴ ነው። ስለዚህ ገዢው ጥርጣሬውን እንዲተው አልመክርም፤ ይዞት ወደ ሱቁ ይግባ፣ እያንዳንዱንም ሽጉጥ በእርሱ ይፈትን።

ከሱቁ የሚቀድሙ ሁለት ጉዳዮች አሉ። አንደኛው ሕግ ነው። ሽጉጥ መግዛት፣ በቤት ማስቀመጥና ይዞ መንቀሳቀስ በብዙ አገሮች የተለያየ ፈቃድ የሚጠይቁ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የካዝናውን (የጥይት መያዣውን) የጥይት ብዛትና የጥይቱን ዓይነት ሕግ የሚገድብባቸው ቦታዎችም አሉ። ይህን ከሻጩ አፍ ከመስማት ይልቅ ፈቃድ ሰጪውን አካል በቀጥታ ጠይቆ በጽሑፍ መያዝ ይበልጣል። ሁለተኛው ቤተሰብ ነው። በቤቱ ሕፃን ካለ የሚቆለፍ ሣጥን ከሽጉጡ በፊት ተገዝቶ ቦታው መወሰን አለበት። ከቤተሰቡ አንዱ በከባድ ሐዘን፣ በድብርት ወይም በመጠጥ ችግር ውስጥ ካለ ደግሞ ግዢው ቢቆይ ይሻላል፤ የጦር መሣሪያ በቤት ውስጥ መኖሩ ራስን የማጥፋት አደጋን እንደሚጨምር በተደጋጋሚ በተደረጉ ጥናቶች የታወቀ ነገር ነውና፣ ገዢው ራሱም በዚህ ሁኔታ ውስጥ ከሆነ ይኸው ምክር ይመለከተዋል።

አሠራሩን ያልተረዳ ሰው ፍርሃቱን መመርመር ስለማይችል፣ በመጀመሪያ ይህ መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ጥይቶቹ በእጀታው ውስጥ በሚገባ ካዝና ተደርድረው በሞላ ግፊት ወደ ላይ ይገፋሉ። ተኳሹ በበርሜሉ ላይ ያለውን ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ስቦ ሲለቀው፣ ተንሸራታቹ ወደ ፊት በሚመለስበት ጊዜ የላይኛውን ጥይት ከካዝናው ገፍቶ በበርሜሉ ጀርባ ወዳለው መጉረሻ ያስገባዋል፤ ማቀባበል የሚባለው ይህ ነው። ቃታው ሲሳብ አንድ ጥይት ብቻ ይተኮሳል፤ የተኩሱ ኃይል ተንሸራታቹን ወደ ኋላ ይመልሰዋል፣ ባዶው ቀለህ ተፈናጥሮ ይወጣል፣ መላሽ ሞላው ተንሸራታቹን ወደ ፊት ሲገፋው ቀጣዩ ጥይት ይጎርሳል። ሁለተኛውን ለመተኮስ ቃታው ተለቅቆ እንደገና መሳብ አለበት።

ይነክሳል የሚለው ፍርሃት አሮጌ ነው፤ በዘመኑም ምክንያት ነበረው። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1911 የመሣሪያ ንድፍ አውጪውን የጆን ብራውኒንግን ሽጉጥ ከመቀበሉ በፊት 6,000 ጥይት አስተኩሶ የፈተነው ይህንኑ ጥርጣሬ ለመቁረጥ ነበር፤ ሽጉጡም ፈተናውን ሳይነክስ ጨረሰ። ያው ንድፍ በጦሩ ውስጥ እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ድረስ ዋናው ሽጉጥ ሆኖ ቆየ። የኦስትሪያ ጦር እ.ኤ.አ. በ1982 የተቀበለው ግሎክ 17 ደግሞ አካሉ ከፕላስቲክ መሠራቱ ብዙዎችን አጠራጥሮ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ግን በበርካታ አገሮች የፖሊስ ኃይሎች የመረጡት ሽጉጥ ሆነ። ዛሬ ከታወቀ ፋብሪካ የወጣ ጤናማ ሽጉጥ ሲነክስ ምክንያቱ በአብዛኛው ከአራቱ አንዱ ነው፤ ከንፈሩ (ጥይቱን ከላይ የሚይዘው ጠርዙ) የተጣመመ ካዝና፣ ለመሣሪያው የማይስማማ ወይም ጥራት የሌለው ጥይት፣ ያልተጸዳና ዘይት ያጣ ተንሸራታች፣ ወይም የላላ አያያዝ።

የመጨረሻውን ለብቻው አንሥቼ ማብራራት እፈልጋለሁ፤ ጀማሪዎች መሣሪያውን የሚኮንኑበት ጥፋት ብዙ ጊዜ ከእጃቸው የሚመነጭ ስለሆነ ነው። ተንሸራታቹ ሙሉ መንገዱን ወደ ኋላ የሚሄደው ከሥሩ ያለው እጀታ ባለበት ጸንቶ ሲቆይለት ነው። የእጅ አንጓው ከላላና ሽጉጡ ከነእጀታው አብሮ ወደ ኋላ ከተወረወረ ተንሸራታቹ ኃይሉን ያባክናል፤ መንገዱን ሳይጨርስ ይመለስና ባዶውን ቀለህ በመውጫው ላይ ቆሞ ይነክሰዋል። ሪቮልቨር ይህ ችግር የለበትም፤ ሲሊንደሩን የሚያዞረው የተኳሹ ጣት እንጂ የተኩሱ ኃይል አይደለም። በሕመም ወይም በዕድሜ ምክንያት እጁን ማጽናት የማይችል ሰው ሪቮልቨርን ቢመርጥ ትክክል ነው፤ ሌላው ግን አያያዝን በሥልጠና ሊያርመው ይችላል።

መጠበቂያን በተመለከተ፣ በጎን የሚታይ መቆለፊያ አለመኖሩ መጠበቂያ የለም ማለት አይደለም። ግሎክን ለምሳሌ ብንወስድ፣ በቃታው መሐል ያለችው ትንሽ ምላስ በጣት ካልተጫነች ቃታው አይሄድም፤ በውስጡም ቃታው እስኪሳብ ድረስ ጥይቱን ከኋላ የሚመታውን መርፌ አግዶ የሚይዝ ብረትና ሽጉጡ ወድቆ እንዳይተኩስ የሚከላከል ክፍል አሉት። እነዚህ ሁሉ ግን ቃታውን የሳበውን ነገር ምንነት አይለዩም፤ የሸሚዝ ጫፍም ሆነ በኪስ ውስጥ ያለ ቁልፍ ቃታውን ከሳበው መሣሪያው ይተኩሳል። ስለዚህ የዚህ ዓይነት ሽጉጥ የሚገዛ ሰው ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ ማህደር አብሮ መግዛት አለበት፤ ማህደር የሌለውን ሽጉጥ በወገብ ወይም በኪስ መያዝን በጥብቅ እቃወማለሁ። በጎን የሚቆለፍ መጠበቂያ ያለው ሽጉጥ የሚመርጥም ምርጫው የተከበረ ነው፤ ብቻ መጠበቂያውን ሳያይ በአውራ ጣቱ መክፈትና መዝጋት እስኪችል ድረስ ባዶ ሽጉጥ ይዞ ይለማመድ።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ግን ብዙ ጊዜ ተጠራጣሪዎች የማያነሡት ነው። ካዝናው ሲወጣ ሽጉጡ ባዶ ሆነ ብሎ ማመን ሰው ያስገድላል፤ አንድ ጥይት በመጉረሻው ውስጥ ሊቀር ይችላልና። ካዝና ከሌለ የማይተኩሱ ሽጉጦች ቢኖሩም ብዙዎቹ ያለ ካዝና ይተኩሳሉ። ማራገፍ ቅደም ተከተል አለው። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበትና ጥይት ሊያስቆም ወደሚችል አቅጣጫ ይዞራል፤ ጣት ከቃታው ውጭ በአካሉ ላይ ተዘርግቶ ይቀመጣል፤ መጀመሪያ ካዝናው ይወጣል፤ ከዚያ ተንሸራታቹ ተስቦ በውስጡ የነበረው ጥይት ይፈናጠራል፤ በመጨረሻም ተንሸራታቹ ኋላ ላይ እንደተያዘ መጉረሻው በዓይን ይታያል፣ በትንሽ ጣትም ይዳሰሳል። ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ካዝናው ሳይወጣ ተንሸራታቹ ቢሳብ፣ አንዱ ጥይት ወጥቶ ሌላው ወዲያው በቦታው ይጎርሳል፤ ካዝናውን ከዚያ በኋላ ያወጣ ሰው ባዶ ነው ብሎ የያዘው ሽጉጥ የተቀባበለ ነው። ገዢው ይህን በሱቁ ውስጥ ሻጩ እንዲያሳየው ይጠይቅ፤ ሻጩ መጉረሻውን ሳያሳይ ሽጉጥ የሚያቀብል ከሆነ ወደ ሌላ ሱቅ መሄድ ይገባል።

የጥይት ምርጫ ብዙ የሚወራበት ቢሆንም ለመጀመሪያ ገዢ መልሱ አጭር ነው፤ 9 በ19 ሚሊ ሜትር፣ ፓራቤለም የሚባለው ይበቃዋል። በዓለም ላይ በስፋት ይገኛል፣ ርግጫው (ሲተኮስ ሽጉጡ እጅን ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይል) ይቻላል፣ ለመለማመጃም ከብዙዎቹ ይረክሳል። ይሁን እንጂ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር የሚለውን ስም ብቻ ይዞ ጥይት መግዛት አደገኛ ነው። 9 በ17 እና ማካሮቭ ለሚባለው የሶቪየት ሽጉጥ የተሠራው 9 በ18 የተለያዩ ጥይቶች ናቸው፤ የማካሮቩ እርሳስ (ከቀለሁ ተለይቶ ወደ ዒላማው የሚሄደው ክፍል) ውፍረቱ 9.27 ሚሊ ሜትር ሲሆን የፓራቤለሙ 9.01 ሚሊ ሜትር ነው። በበርሜሉ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍና በጥይቱ ሣጥን ላይ ያለው ጽሑፍ አንድ መሆን አለባቸው።

መጠኑን በሚመለከት፣ ትንሽ ሽጉጥ ለጀማሪ ይቀላል የሚለው አስተሳሰብ በተግባር ተቃራኒው ነው። ክብደቱ የቀነሰ ሽጉጥ በዚያው ጥይት ይበልጥ ይራገጣል፣ እጀታው ለጣቶች ሁሉ ቦታ አይሰጥም፣ ሁለቱ ማነጣጠሪያዎች ስለሚቀራረቡም ትንሽ ስሕተት ዒላማው ላይ ትልቅ ሆኖ ይታያል፤ ተንሸራታቹም ብዙ ጊዜ ጠንካራ ሞላ ስላለው ለመሳብ ይከብዳል። ለመጀመሪያ ሽጉጥ የበርሜሉ ርዝመት ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ መካከለኛ ወይም ሙሉ መጠን ያለው ተመራጭ ነው።

አሁን ሽጉጡ በእጅ ነው እንበል። ባዶነቱ ከተረጋገጠ በኋላ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው ሥጋ በእጀታው ጀርባ ከፍ ብሎ፣ ከተንሸራታቹ በታች በደንብ መቀመጥ አለበት። በዚህ አያያዝ የሌባ ጣት የፊተኛው አንጓ መካከለኛ ሥጋ ቃታው ላይ ያለ ጭንቀት መድረስ አለበት፤ ጣቱ ከጫፉ ብቻ የሚነካ ከሆነ እጀታው ወፍራም ነው፣ አልፎ የሚጠመዘዝ ከሆነ ቀጭን ነው። ጀርባው በሚቀየር ልባጥ የሚስተካከል እጀታ ያላቸው ሽጉጦች ለዚህ መፍትሔ ይሰጣሉ። ከዚያ ዓይንን ጨፍኖ ሽጉጡን ሻጩ ወደፈቀደው አስተማማኝ አቅጣጫ ማንሣትና ዓይንን መግለጥ ይረዳል፤ ሁለቱ ማነጣጠሪያዎች ያለ ብዙ ማረም በአንድ መስመር ከተገኙ እጅና መሣሪያ ተስማምተዋል ማለት ነው።

ተንሸራታቹን መሳብ የሚከብደው ብዙ ሰው በሁለት ጣት እየቆነጠጠ ስለሚስበው ነው። ሽጉጡ ወደ ደረት ይቅረብ፤ አፈሙዙ ግን ወደ ጎን ሳይዞር ወደ ፊት እንደተመለከተ ይቆይ። ሌላው እጅ ተንሸራታቹን ከላይ በመላ መዳፍ ይጨብጥ፤ ከዚያ ተንሸራታቹን ከመሳብ ይልቅ እጀታውን በያዘው እጅ ወደ ፊት በኃይል መግፋት ነው። በዚህ ዘዴ ቀድሞ አልቻልሁም ያሉ ሰዎች ሲችሉ አይቻለሁ። ከዚህ በኋላም ደጋግሞ መሳብ ካልተቻለ ያን ሽጉጥ መተው ይገባል፤ በሱቁ የከበደ በድንጋጤ ጊዜ አይቀልም።

ያገለገለ ሽጉጥ የሚገዛ ሰው ሰነዱንና በአካሉ ላይ ያለውን መለያ ቁጥር ያመሳክር፤ የተፋቀ ቁጥር ካየ ምንም ዋጋ ቢቀርብለት ይተወው። ሽጉጡ ተራግፎና ተፈትቶ በርሜሉ በብርሃን ሲታይ ውስጡ ያለው ጠመዝማዛ መስመር ጥርት ብሎ መታየት አለበት፤ በመሐል እንደ ቀለበት ያለ ጥላ ካለ በርሜሉ አብጧል ማለት ሊሆን ይችላል። ገዢው ይህን ለብቻው ካልተማመነ የመሣሪያ ጠጋኝ እንዲያይለት ያድርግ።

በጀት ሲያዝ ከሽጉጡ ዋጋ ሌላ ለሚቆለፍ ሣጥን፣ ለማህደር፣ ለተጨማሪ ካዝና፣ ለማጽጃ፣ ለጆሮና ለዓይን መከላከያ፣ ለመለማመጃ ጥይትና ለአሠልጣኝ የሚወጣ ገንዘብ መታሰብ አለበት። በእኔ ፍርድ ውድ ሽጉጥ ገዝቶ ሥልጠናውን ከማስቀረት መጠነኛውን ገዝቶ መሠልጠን በብዙ ይሻላል። የሽጉጥ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል የሚያልፍ ስለሆነ አንድ ተኩስ እንኳ ጆሮን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል፤ ከተኩስና ከጽዳት በኋላም እጅን መታጠብ የእርሳስ ብናኝ ወደ ምግብ እንዳይገባ ይከላከላል።

የሚከራይ ሽጉጥ ያለበት የተኩስ ሜዳ ከተገኘ የታሰበውን ዓይነት ሳይተኩሱ አለመግዛት ነው። በመጀመሪያው ተኩስ ካዝናው ውስጥ አንድ ጥይት ብቻ ይጉረስ፤ ጀማሪ በርግጫው ደንግጦ ሳያስበው ቃታውን በድጋሚ ቢስብ ሁለተኛ ጥይት አይኖርም። ቃታው ተስቦ ጥይቱ ከከሸፈ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞሩ 30 ሰከንድ መጠበቅ፣ ከዚያ ማራገፍ ነው፤ ዘግይቶ የሚፈነዳ ጥይት አለና። ድምፁ ከወትሮው ደክሞ ከተሰማ ተኩሱ ወዲያው ይቁም፤ እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ቀጣዩ ጥይት ሽጉጡን በእጅ ላይ ሊያፈነዳው ይችላል።

ከተገዛ በኋላ ሽጉጡ ጸድቶና በቀጭኑ ዘይት ተቀብቶ 200 ያህል ጥይት ይተኮስበት፤ ከእነዚህ ውስጥ ለቁም ነገር ሊያዝ የታሰበው የጥይት ዓይነት ይኑርበት። ካዝናዎቹ በቀለም ቁጥር ይጻፍባቸው፤ ሽጉጡ በነከሰ ጊዜ የትኛው ካዝና እንደነበረና የትኛው ጥይት እንደሆነ ይመዝገብ። ችግሩ ሁልጊዜ ከአንድ ካዝና ጋር ከመጣ ካዝናውን መለወጥ ይበቃል፤ ከአንድ የጥይት ዓይነት ጋር ከመጣ ጥይቱን መቀየር ነው። ልምድ ያለው ሰው ሲተኩስበትም፣ ካዝናና ጥይት ሲለዋወጥም መንከሱ ካላቆመ ሽጉጡ ከነመዝገቡ በዋስትናው ጊዜ ውስጥ ለሻጩ ይመለስ።