የወንጀል ፍትሕ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ስትቀጥሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ሰሞን ጎንደር ፒያሳ ከአንድ የድሮ ተማሪዬ ጋር ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠን ነበር። አሁን እሱም መምህር ነው። አዲስ ለሚከፈት የወንጀል ፍትሕ ትምህርት ክፍል ኃላፊ የሚቀጥር ኮሚቴ ውስጥ አስገብተውታል። «ጋሼ፣ እኔ የሰው ቅጥር አላውቅም። ምን ላይ ልጠንቀቅ?» አለኝ። ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ አወራሁት። ቤት ስገባ ደግሞ ያልነገርኩት ትዝ አለኝ፤ ይኸው ሁሉንም ጻፍኩት።

በእኛ አገር ዩኒቨርሲቲዎች «ሄድ»፣ ማለትም የትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ ብዙውን ጊዜ ከውስጥ ነው የሚመጣው። ከመምህራኑ አንዱ ይመረጣል፣ ጊዜውን ይጨርሳል፣ «ተገላገልኩ» ብሎ ወደ ማስተማሩ ይመለሳል። አዲስ ክፍል ሲከፈት ግን ውስጥ ሰው የለም። ከውጭ መቅጠር ግድ ይሆናል። እኔ በተለያዩ ከተሞች ብዙ እንዲህ ዓይነት ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጫለሁ። የተቋማቱን ስም አልጠራም። ከስህተቶቹም የራሴ የሆኑ አሉ።

የሕግ ታናሽ ወንድም ማድረግ

ትልቁ ስህተት የሚሠራው ማስታወቂያው ሳይወጣ ነው። ኮሚቴው ይሰበሰባል። አንዱ «ወንጀል ፍትሕ ያው ሕግ አይደል እንዴ?» ይላል። ሌላው «እሱስ» ይላል። በቃ፣ «በሕግ ሁለተኛ ዲግሪና ከዚያ በላይ» ተብሎ ይጻፋል።

ያው አይደለም። የወንጀል ሕግ መምህር ይህ ድርጊት በየትኛው አንቀጽ ይወድቃል፣ ማስረጃውስ ይበቃል ወይ ብሎ ይጠይቃል። የወንጀል ፍትሕ ሰው ፖሊሱን፣ ዐቃቤ ሕጉን፣ ፍርድ ቤቱንና ማረሚያ ቤቱን አያይዞ ነው የሚያየው። መዝገቡ የቱ ጋ ነው የሚቆመው? ምስክር ለምን ይቀራል? የተፈታ እስረኛ ለምን ተመልሶ ይገባል? ይህን ለመመለስ ሶሲዮሎጂም፣ ሳይኮሎጂም፣ ቁጥር መደመርም ያስፈልጋል።

የሙያውን አወላለድ ብታዩ ነገሩ ይገባችኋል። አሜሪካ ውስጥ ትምህርቱ የጀመረው ከፖሊስ ቤት ነው። ኦገስት ቮልመር የተባለ የበርክሌይ ከተማ የፖሊስ ሹም እ.ኤ.አ. በ1908 ለፖሊሶቹ ትምህርት ቤት ከፈተላቸው። በ1916 ደግሞ ትምህርቱን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አስገባው። እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣ ሕግ የፌዴራሉ መንግሥት ፖሊሶች ኮሌጅ እንዲማሩ ገንዘብ ሲመድብ ዲፓርትመንቶቹ እንደ እንጉዳይ ፈሉ።

እኛ ጋ የገባው በሕግ በር ነው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ መጣ፤ ከዚያ የ1954ቱ ሥነ ሥርዓት፤ ከዚያ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ። (ስሙን ልብ በሉልኝ። «ወንጀለኛ መቅጫ» የሚለው ቀርቶ «የወንጀል ሕግ» ሆነ። ይቺ ብቻ የአንድ ክፍለ ጊዜ መወያያ ይወጣታል።) የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የሕግ ሰው ማስቀደማችን አይገርምም። እኔም የሕግ ሰው አይቀጠር አላልኩም። በሩን ለእሱ ብቻ አትክፈቱት ነው የምለው።

ከዚህ የምትብስ ደግሞ አለች፤ «ወይም ተዛማጅ የትምህርት ዘርፍ» የምትባለው። ይቺ ሐረግ የማታስገባው ሰው የለም። ተዛማጅ የምትሉትን በስሙ ዘርዝሩት። ክሪሚኖሎጂ (ወንጀል ለምን እንደሚፈጸም የሚያጠናው ዘርፍ) ከሆነ ክሪሚኖሎጂ በሉ። ሶሲዮሎጂ ከሆነ በወንጀል ዙሪያ ጥናት የሠራ በሉ። አለዚያ ማመልከቻ ሲከፈት ኮሚቴው እርስ በርሱ ይጣላል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የሚባለው ለዚህ ነው።

ማስታወቂያ መገልበጥ

ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ከጎንደር ራቅ ያለ ተቋም ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው። ርዕሱ «የወንጀል ፍትሕ ትምህርት ክፍል ኃላፊ» ይላል። ዝቅ ሲል «ማይክሮ ኢኮኖሚክስ የማስተማር ልምድ ያለው ይመረጣል»። ያምናውን ፋይል ከፍተው ርዕሱን ብቻ ቀይረውታል። አንድ ተማሪ ከጎኑ በእስክሪብቶ «የዶሮ ሌባ ትርፉ ስንት ነው?» ብሎ ጽፎበት ነበር።

በማዕረግ መደንገጥ

ኮሚቴ «ፕሮፌሰር» የምትለውን ቃል ሲያይ ይቀልጣል። የሚቀጠረው ግን ለወንበር ነው። ወንበሩ ምን እንደሚመስል በቅርብ እንየው።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ኤፍ ያገኘ ልጅ በር ላይ ቆሟል። አባቱን ከደምቢያ ይዞ መጥቷል። አባትየው ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ አይናገሩም። ውስጥ አንዲት መምህርት «አርብ ከሰዓት አላስተምርም» እያለች ነው። ጠረጴዛው ላይ ከማረሚያ ቤት የመጣ ደብዳቤ አለ፤ ለአፓረንትሺፕ (ለተግባር ልምምድ) የላካችኋቸው ተማሪዎች ከተነጋገርነው ቁጥር በዝተዋል ይላል። የመውጫ ፈተና ዝግጅት ሪፖርት ዛሬ ለዲኑ መድረስ አለበት። ፕሪንተሩ ቀለም ጨርሷል።

ሠላሳ ጥናት ያሳተመ ሰው እዚህ ቢሮ ውስጥ በሁለት ሳምንት ሊመረው ይችላል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ማንም አልነገረውም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳል። ውጤት የወረደ ቀን ዲኑ መጀመሪያ የሚደውለው ለሄዱ ነው። «ጥናት ላይ ነበርኩ» ብሎ መልስ የለም።

ስለዚህ ቃለ መጠይቁ ላይ «ራዕይህ ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ አሳጥሩት። ራዕይ ሁሉም አለው። በምትኩ ሦስት ወረቀት አስቀምጡለት፤ የተማሪ አቤቱታ፣ የተጋጨ የትምህርት ፕሮግራም፣ ከፖሊስ የመጣ የሥልጠና ጥያቄ። ሃያ ደቂቃ ስጡትና የቱን እንደሚያስቀድም እዩ። አንድ ጊዜ እንዲህ አደረግን። አመልካቾቹ በሙሉ የፖሊስን ደብዳቤ አነሱ። ማህተም አለበት፣ ከባድ ይመስላል። አንዲቷ ብቻ አቤቱታውን አነበበችና «ልጁ አሁን ውጭ ቆሟል ወይስ ሄዷል?» ብላ ጠየቀችን። የቀጠርነው እሷን ነው።

ዩኒፎርም ማምለክ፣ ወይም መናቅ

ይህ የሙያው የራሱ በሽታ ነው። ሌላ ዲፓርትመንት ላይ አታገኙትም። ብዙ ዓመት መርማሪ የነበረ ኮማንደር ሲያመለክት ኮሚቴው ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ «መስኩን ያውቃል» ይላል። ግማሹ «ምርምር የለውም» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ሁለቱም አይበቁም።

መለያው የማሳያ ትምህርት ነው፤ ተማሪዎችም ይግቡ። አንዱ ልምድ ያለው ሰው አርባ ደቂቃ ሙሉ ሌባ እንዴት እንደያዘ አወራን። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ሲጨርስ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። «ከመጣላችሁ አቤቱታ ስንቱ ፍርድ ቤት ደረሰ?» አለች። «ብዙው» አላት። «ብዙው ስንት ነው?» ዝም አለ። ዝምታው ነጥብ አስቀነሰው። በተቃራኒው ደግሞ ስለ እስረኞች የመመረቂያ ጽሑፍ ጽፎ የማረሚያ ቤት በር ረግጦ የማያውቅ ዶክተር ገጥሞኛል። እሱንም ትተነዋል።

የቆመበትን መሬት አለመጠየቅ

ጎንደር ላይ የወንጀል ፍትሕ የሚያስተምር ሰው ከደም ጉዳይ አያመልጥም። አንድ ሰው ገደለ እንበል። ተከሰሰ፣ ተፈረደበት፣ ጊዜውን ጨርሶ ወጣ። የሟች ቤተሰብ ግን አሁንም አልታረቀም። ገዳዩ ገበያ መውጣት ይፈራል፤ ወንድሙም ይፈራል። እዚህ ጋ ሽማግሌው፣ ቄሱ፣ ደም ማድረቁ ይመጣል። ሽማግሌ አስታረቀ ተብሎ የግድያ ክስ አይቋረጥም። ፍርድ ቤት ቀጣ ተብሎም ደሙ አይደርቅም። ተማሪዎቹ ይህን ከቤታቸው ይዘውት ነው የሚመጡት። አንዳንዱ በቤተሰቡ ደርሶበታል።

አመልካቹን ይህንኑ ጠይቁት። «ይህን ጉዳይ እንዴት ኮርስ ታደርገዋለህ?» በሉት። በአሜሪካዋ ቺካጎ ከተማ ስለተሠሩ የወንጀል ጥናቶች ሊያወራችሁ ከጀመረ ታገሱት፤ ቺካጎም ያስተምራል። ግን ተመልሶ ደምቢያ መድረስ አለበት። አውጫጭኝን አንስቶ፣ ማለትም አጥፊው እስኪታወቅ ድረስ የአካባቢው ሰው አንድ ላይ የሚቀመጥበትን የቀድሞ ሥርዓት፣ ፖሊስና ነዋሪ ተባብረው ወንጀል ከሚከላከሉበት ከኮሚዩኒቲ ፖሊሲንግ ጋር አነጻጽሮ፣ የንጹሑ ሰው መብት የቱ ጋ እንደሚጎዳ ጭምር የሚያሳይ ሰው ካገኛችሁ አትልቀቁት።

ይህን ስል «የአገሩን ልጅ ቅጠሩ» ማለቴ አይደለም። ከወላይታ የመጣ ሰው ትክክለኛውን ጥያቄ ከጠየቀ በአንድ ዓመት ይገባዋል። እዚሁ ተወልዶ ጠይቆ የማያውቅም አለ።

የወንዜ ልጅ

ስለዚህ ብዙ አልልም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። አመልካቹ የኮሚቴው አባል አማካሪ፣ አበልጅ ወይም የወንዝ ልጅ ከሆነ አባሉ ይውጣ። ቃለ ጉባኤው ላይም መውጣቱ ይጻፍ። ፍትሕ የሚያስተምር ክፍል በአድልዎ ከተከፈተ ተማሪው ከእናንተ ቀድሞ ይሰማዋል።

ወረቀት ማመን

የውጭ አገር ዲግሪ ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ይኑረው። ያሳተማቸውን ጥናቶች ቁጥር አትቁጠሩ፤ ሁለቱን አውጥታችሁ አንብቡ። ገንዘብ ለከፈለ ሁሉ የሚያትም ጆርናል እንዳለ የማያውቅ መምህር የለም።

የድጋፍ ደብዳቤ ደግሞ ሁሌም ያመሰግናል። ደውሉ። ለአመልካቹ «ቀድሞ የሠራህበት ቦታ ልንደውል ነው» ብላችሁ አስፈቅዱት፤ ከዚያ ከዲኑ ቀጥሎ የክፍሉን ጸሐፊ አነጋግሩ። ማን ፋይል እንደሚመልስ፣ ማን ተማሪ ላይ እንደሚጮህ እሷ ታውቃለች። አንዷን «ጠባዩ እንዴት ነው?» ስላት «ዶክተር ጎበዝ ናቸው» አለች፣ ትንሽ ቆየችና «እኔ ግን ክፍል ቀይሬያለሁ» አለችኝ።

ቤትና ውሃን መደበቅ

«መጀመሪያ ይምጣ፣ ከዚያ ይለምደዋል» የሚሉ አሉ። አይለምደውም። አንድ ተቋም ለመጣ ኃላፊ «ቤት ተዘጋጅቷል» ተብሎ ነበር። ሰውየው ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ሻንጣ ይዞ ከአውሮፕላን ወረደ። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው አለ። ሦስት ወር ሆቴልና ዘመድ ቤት ተንከራተተ፣ ሴሚስተሩ ሳያልቅ ለቀቀ። ክፍሉ ዓመቱን ያለ ሄድ ጨረሰ።

እውነቱን ንገሩት። ቤት ከሌለ የለም በሉት። የኪራይ ዋጋ ንገሩት። ጎንደር ውሃ በፈረቃ እንደምትጠጣ፣ ሮቶ የሌለው ቤት እንዳይከራይ ንገሩት። የማስተማር ሎዱ በሄድነቱ ስንት እንደሚቀነስለት ከሴኔት ሌጂስሌሽናችሁ (ከዩኒቨርሲቲው መተዳደሪያ ደንብ) አውጥታችሁ በጽሑፍ ስጡት። የቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ክሊራንስ እስኪሰጠው ስንት ጊዜ እንደሚፈጅም እሱን ጠይቁት። ክሊራንስ ሳይኖር የመስከረምን ፕሮግራም በእሱ ስም አታውጡ። ሁለተኛ የወጣውንም አመልካች ቶሎ «አልተሳካም» አትበሉት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን።

ቁልፍ ሰጥቶ መጥፋት

ሰውየው ተቀጠረ፣ ኮሚቴው ተበተነ። ብዙ ቦታ ነገሩ እዚህ ያልቃል። የወንጀል ፍትሕ ሄድ ግን ከግቢ ውጭ አራት በር ማንኳኳት አለበት፤ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ፍርድ ቤት፣ ማረሚያ ቤት። እነሱ ካላወቁት ለተማሪ ልምምድ የለም፣ ለመምህር ጥናት የለም። በመጀመሪያው ሳምንት ዲኑ ወይም አንድ ነባር መምህር ይዞት ይሂድ።

እኔ አንዱን አዲስ ሄድ ይዤ ማረሚያ ቤት ሄጄ ነበር። በር ላይ ስልካችንን አስረከብን፣ ተፈተሽን። ጠባቂው ደብዳቤያችንን ገልብጦ አየና መለሰልን። ማህተም የለውም። ባጃጅ ይዘን ግቢ ተመለስን፣ አስመታን፣ እንደገና ሄድን። ጠባቂው ሲያየን ሳቀና «አሁን ገባችሁ» አለን።