ስዊቹን ሰርዤ አሮጌው ደረሰኝ ሲመለስብኝ

ጃንጎ (የፓይተን ዌብ ማዕቀፍ) ላይ በዋፍል (አዲስ ነገርን ኮድ ሳይነካ ለማብራትና ለማጥፋት የሚያገለግል ላይብረሪ) የምናበራቸው ሁለት የሙከራ ስዊቾች ነበሩን፤ አንዱ ለባንክ፣ አንዱ ለሞባይል ገንዘብ፣ አዲሱን ደረሰኝ የሚከፍቱ። ለሁሉም ደንበኛ ከበሩ ስለቆዩ ኮዱን አጸዳሁና ሁለቱንም ከአድሚን (ከጃንጎ ማስተዳደሪያ ገጽ) ሰረዝኳቸው። በማግስቱ በሞባይል ለከፈሉት ብቻ የድሮው ሎጎ ያለበት ደረሰኝ በኢሜይል መሄድ ጀመረ።

ካሽ (በጊዜያዊነት የተቀመጠ አሮጌ መረጃ) ነው ብዬ የሚቀመጥበትን ሬዲስን ባዶ አደረግኩ፤ ምንም። የሴለሪ ወርከሮችን (ታስክ የሚባሉትን ሥራዎች ከጀርባ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች) አጥፍቼ አስነሳሁ፤ ያው ነው። የስዊቹን ስም በጊት ግሬፕ (ኮዱ ውስጥ የተጻፈን ቃል በሚፈልገው ትእዛዝ) ፈለግኩ፤ አንድም መስመር አልመጣም። ሁለት ቀን የበላኝ እዚህ ላይ ነው።

የፈታው ሴቲንግስ ውስጥ «ዋፍል_ሎግ_ሚሲንግ_ስዊችስ»ን (የሌለ ስዊች ሲጠየቅ ስሙን ሎጉ፣ ማለትም የፕሮግራሙ መዝገብ ላይ የሚያስጽፈውን ቅንብር) በዋርኒንግ (ማስጠንቀቂያ) ደረጃ ማስገባት ነበር። ዋፍል የሌለ ስዊች ሲጠየቅ ስህተት አያወጣም፤ ካልቀየሩት በቀር ዝም ብሎ «ጠፍቷል» ነው የሚለው። ቀጣዩ የሞባይል ክፍያ ሲገባ ስሙ ሎጉ ላይ ብቅ አለ። አንድ የሴለሪ ታስክ «አዲስ_ደረሰኝ_» ላይ የክፍያውን ዓይነት እየቀጠለ ስሙን እዚያው ይሠራው ነበር። ግሬፕ ከየት ያግኘው!

ስዊቹን በአድሚን መልሼ ፈጥሬ አበራሁት፤ ደረሰኙ ወዲያው ተስተካከለ። ከዚያ ታስኩን አርሜ፣ ወርከሮቹን አስነስቼ፣ ስዊቹን እንደገና ሰረዝኩት። ሎጉ ጸጥ አለ። አሮጌውን ቴምፕሌትም (የድሮውን ደረሰኝ ቅርጽ የያዘውን ፋይል) ያኔውኑ ደመሰስኩት፤ እሱን አስቀድሜ አጥፍቼው ቢሆን ኖሮ ታስኩ በመጀመሪያው ክፍያ «ቴምፕሌቱ የለም» ብሎ ይጮህልኝ ነበር።